ለሰማይ ዝላይ ፎቶግራፍ የትኛውን ዲኤስኤልአር ካሜራ ልግዛ?

ከፍታ_ናፋቂ (ቨርጂኒያ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት። በፓራሹት መዝለል ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እስከ ትናንት ድረስ 174 ጊዜ ዘልያለሁ፤ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ደግሞ ዘንድሮ በጋው ሳያልቅ 200ውን እሞላለሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ከዚያ በኋላ ሄልሜቴ ላይ ካሜራ አስሬ አብረውኝ የሚዘሉትን ሰዎች ፎቶግራፍ ማንሳት እፈልጋለሁ። ከትንንሾቹ የቪዲዮ ካሜራዎች የሚገኘው ምስል በስልክ ለማየት ካልሆነ በቀር አላረካኝም። ደሴ ያሉት እናቴ አንድ ጓደኛዬ ከቀረጸው ቪዲዮ ተቆርጦ የተላከላቸውን ምስል አይተው «ልጄ፣ ሰማዩን አየሁት፤ ፊትህ ግን የታለ?» ብለው ጠየቁኝ። ለእኔ ባይሆን እንኳ ለጓደኞቼ እናቶች የሚላክ፣ ታትሞ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ የሰው ገጽ በግልጽ የሚታይበት ፎቶግራፍ ማንሳት አለብኝ ብዬ የቆረጥኩት ያን ቀን ነው።

አሁን ሦስት ካሜራዎች በሐሳቤ አሉ። የሥራ ባልደረባዬ ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ከነ16-35 ሚሊ ሜትር ሌንሱ በቅናሽ ሊሸጥልኝ ተስማምቷል። ሁለተኛው ያገለገለ ካኖን 100ዲ፣ ሦስተኛው ደግሞ ካኖን 200ዲ ነው። በምድር ላይ ካሜራ ስመርጥ ምን እንደማይ አውቃለሁ፤ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር እየወረድኩ የምጠቀምበትን ካሜራ ስመርጥ ግን ከምን መጀመር እንዳለብኝ አላውቅም። የሠራችሁበት ሰዎች ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የደመና_ጎረቤት (ኢሎይ፣ አሪዞና)

ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ። የዝላይህን ቁጥር ሳትጠየቅ በመናገርህ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው እሱን ትቶ ስለ ሌንስ ነው የሚጠይቀው። የአሜሪካ ፓራሹት ማኅበር ካሜራ ይዞ ለመዝለል ሲ የተባለው ፈቃድ እንዲኖር ይመክራል፤ ለዚያ ፈቃድ ደግሞ 200 ዝላይ ያስፈልጋል። አውራ ጣት የምታክለው የቪዲዮ ካሜራም ከዚህ ምክር ውጭ አይደለችም። ምክንያቱ ካሜራው ከክብደቱ በፊት የሚወስድብህ ነገር ሐሳብህን መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በሰሜን ካሮላይና ከ800 ጊዜ በላይ የዘለለ ሰው ተማሪንና አስተማሪን ለመቅረጽ ከአውሮፕላን ወጣ፤ ፓራሹቱን ግን አላጠለቀም ነበር። የዚያን ጊዜው የቪዲዮ መሣሪያ ከባድ ስለነበር፣ ከጀርባው የሚሰማውን ሸክም ፓራሹት አድርጎ ሳይቆጥረው አልቀረም ተብሎ ይታመናል። ይህን የምነግርህ ላስፈራራህ አይደለም። ልምድ ያለው ሰው ሐሳቡ ሁሉ ምስሉ ላይ ሲሆን ከሁሉ የሚቀድመውን ነገር ሊረሳ እንደሚችል እንድታውቅ ነው።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። በመጀመሪያ የምታየው ሚዛኑን ነው። 5ዲ ማርክ 3 ከነባትሪውና ከነካርዱ 950 ግራም ይመዝናል፤ 16-35 ኤፍ 2.8 ሌንሱ 640 ግራም ገደማ ነው፤ በድምሩ 1,590 ግራም ይሆናል። 100ዲ ከነባትሪውና ከነካርዱ 407 ግራም ነው፤ ከተራው 18-55 ሌንስ ጋር 600 ግራም ገደማ ይደርሳል። ፓራሹት በደህና ሲከፈት እንኳ በአንተና በያዝከው ነገር ሁሉ ላይ ለጥቂት ቅጽበት የክብደታችሁ ሦስትና አራት እጥፍ የሚሆን ኃይል ያርፋል። በአራት ብታባዛው ቀላሉ ካሜራ 2.4 ኪሎ፣ ከባዱ 6.4 ኪሎ ሆኖ አንገትህ ላይ ያርፋል ማለት ነው፤ ሄልሜቱን ገና አልጨመርንም። ይህም በደህና ሲከፈት ነው፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከዚህ በእጅጉ የከፋ አከፋፈት ያጋጥማል። ስለዚህ የባልደረባህን ካሜራ ለምድር ግዛው፤ ለሰማይ ግን አትግዛው።

ከፍታ_ናፋቂ

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። የ1988ቱን ታሪክ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ የ5ዲ ማርክ 3 ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስሉን የሚሠራው ክፍል) ከ100ዲው በእጅጉ ሰፊ ነው። ለሕትመት የሚሆን ምስል እፈልጋለሁ ካልኩ ክብደቱን ብችለውስ? አንገቴ ጠንካራ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ስፖርት እሠራለሁ።

ሃቦኒም_ዳር (እስራኤል)

ወንድሜ፣ እኔም እንደ አንተ ብዬ ነበር። ከሃይፋ በስተ ደቡብ ሃቦኒም አጠገብ ባለው ባሕር ዳርቻ እዘላለሁ፤ ከካሜራ ጋር ወደ 600 የሚጠጋ ዝላይ አለኝ። በጀመርኩበት ዓመት ከባድ ካሜራ ከከባድ ሌንስ ጋር አናቴ ላይ አስሬ እወጣ ነበር። አንድ ቀን ፓራሹቱ በሚከፈትበት ሰዓት ዓይኔ በታንደሞቹ (በአንድ ፓራሹት አብረው በሚዘሉት አስተማሪና ተሳፋሪ) ላይ ስለነበር አንገቴን ወደ ቀኝ አዙሬ ነበር። አከፋፈቱ ለሌላ ሰው ተራ የሚባል ዓይነት ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ወር ሙሉ መኪና ወደ ኋላ ስነዳ መዞር አልቻልኩም፤ ሌሊት ትራስ ስቀያይር አድር ነበር። ስፖርት ጡንቻን ያጠነክራል፤ ነገር ግን አንገት ዞሮ ሳለ በድንገት የሚመጣ ክብደት ጡንቻ እስኪዘጋጅ አይጠብቅም። አሁን ፓራሹቴን ከመሳቤ በፊት ፎቶ ማንሳቴን አቆማለሁ፤ አገጬን ቀና፣ አንገቴን ቀጥ አድርጌ እስኪከፈት እጠብቃለሁ።

ስለ ሴንሰሩ ያልከው ለጨለማ ቦታ እውነት ነው። በቀን ፀሐይ ከሦስት ሜትር ርቀት ለሚነሳ ፎቶ ግን የ100ዲው 18 ሜጋ ፒክስል ለግድግዳ ከበቂ በላይ ነው። እኔ ቤት የተሰቀለውና ክንዴን የሚያህለው ፎቶ በካኖን 350ዲ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ባለ 8 ሜጋ ፒክስል ካሜራ የተነሳ ነው።

በ100ዲና በ200ዲ መካከል ከሆነ ምርጫህ፣ እኔ 100ዲን እመርጣለሁ። ምክንያቴ አንድ ነው፦ የ200ዲ ስክሪን ተከፍቶ ይዞራል፤ የ100ዲ ግን ከጀርባው ጋር የተጣበቀ ነው። ፓራሹት ሲከፈት ከጀርባህ ተነሥተው በአናትህ በኩል የሚያልፉ ገመዶች አሉ። በሄልሜት ላይ የሚከፈት፣ የሚወጣ፣ የሚንጠለጠል ነገር ሁሉ ለእነዚያ ገመዶች መንጠቆ ነው። በዚሁ ምክንያት የሌንሱን የፀሐይ መከላከያ ኮፍያ አውጣ፤ የአንገት ማንገቻውን ከነቀለበቱ አንሳ፤ ብልጭታው በራሱ እንዳይነሣ በጨርቅ ፕላስተር እሸገው። የባትሪውን በርም እንዲሁ።

ነፋስ_ገበታ (ዱባይ)

ሰላም ለሁላችሁ። በአክብሮት አንድ ጥያቄ ላንሳ፦ ከመነሻው ዲኤስኤልአር ለምን አስፈለገ? በዲኤስኤልአር ውስጥ መስታወቱና ፕሪዝሙ ያሉት ዓይናችንን ከመመልከቻው ላይ አድርገን በሌንሱ በኩል እንድናይ ነው። ካሜራው አናታችን ላይ ሲታሰር ግን በመመልከቻው የሚያይ ሰው የለም፤ የምናልመው ከዓይናችን ፊት ለፊት በተሰቀለችው ባለቀለበት ማነጣጠሪያ ነው። ታዲያ ማንም የማያይበትን መስታወት ለምን በአንገታችን እንሸከማለን? መስታወት የሌለው፣ ሚረርለስ የሚባለው ዓይነት ካሜራ ሶኒ ኤ6000 ከነባትሪውና ከነካርዱ 344 ግራም ነው፤ 16-50 ሌንሱ 116 ግራም ብቻ ነው፤ በሰከንድ 11 ፎቶ ያነሳል። ካኖንም ሆነ ኒኮን እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ አዲስ ዲኤስኤልአር አላወጡም። እዚህ በባሕረ ሰላጤው አብረውኝ ከሚዘሉት ባለካሜራዎች አብዛኞቹ ወደ ሚረርለስ ከተሻገሩ ቆይተዋል።

የደመና_ጎረቤት

ነፋስ_ገበታ ያነሳኸው ትክክለኛ ነጥብ ነው፤ ስለ ክብደቱም ስለ መስታወቱም አልከራከርህም። ዛሬ አዲስ ካሜራ በሙሉ ዋጋው ልግዛ ለሚለኝ ሰው እኔም ሚረርለስ ግዛ እለዋለሁ። ሆኖም ጀማሪን የሚያስቸግሩ ሁለት ነገሮች አሉት።

አውሮፕላኑ ወደ 4,000 ሜትር እስኪደርስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ዲኤስኤልአር በዚያ ጊዜ ሁሉ በርቶ ቢቆይ የሚበላው ኃይል ከቁጥር አይገባም፤ ካሜራውን የምናዝበት ማብሪያ በጥርስ ሲነከስ ደግሞ ወዲያው ይነቃል። ሚረርለስ ግን ወይ ሴንሰሩ እየሠራ ባትሪውን ይጨርሳል፣ ወይ ይተኛና በር ላይ ሲቀሰቀስ ይዘገያል። ታንደሙ ከበሩ የሚወጣባት ቅጽበት የተሳፋሪው ፊት ከሁሉ የበለጠ የሚናገርባት ናት፤ አንድ ሰከንድ ከዘገየህ የምታገኘው የአስተማሪውን ጫማ ነው። ሁለተኛው ያልከው 16-50 ሌንስ ነው። ካሜራው ሲጠፋ ተሰብስቦ ይገባል፤ ሲበራ እንደገና ይወጣል፤ ስለዚህ ቀድሞ ያዘጋጀኸው ነገር ይጠፋል። ሶኒውን የሚገዛ ሰው የማይንቀሳቀስ ርዝመት ያለው ሌንስ አብሮ ይግዛ፤ ያን ጊዜ የዋጋው ልዩነት ከፍ ይላል። ጠያቂያችን ገንዘቡን ቆጥቦ በተረፈው ጥሩ ሄልሜት ቢገዛ ይሻለዋል የምለው ለዚህ ነው።

ስለ ሄልሜቱ ደግሞ በአንድ እጅ የሚፈታ የአገጭ ማሰሪያ የሌለውን በነጻ ቢሰጡህ እንኳ አትቀበል። ገመድ ካሜራህን ከያዘው፣ ሄልሜቱን ከነካሜራው ጥለህ ራስህን የምታተርፍበት መንገድ እርሱ ብቻ ነው። በዚያች ሰዓት ካሜራው ስንት ዶላር እንደወጣበት ማሰብ የለብህም። ለመጣል የማትጨክንበትን ካሜራ ራስህ ላይ አትሰር።

ሽቦ_ቀጣይ (ሲያትል)

እኔ ዘላይ አይደለሁም፤ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ወንድሜ ግን ዘላይ ስለሆነ በአፍ የሚነከሱትን ማብሪያዎች ለእርሱና ለጓደኞቹ ስጠግን ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ካሜራ ስትመርጡ ከሁሉ አስቀድማችሁ በጎኑ ያለውን የሽቦ ቀዳዳ እዩ። እጃችሁ በአየር ላይ ሥራ አለበት፤ ካሜራውን የምታዝዙት በጥርሳችሁ ነው። ማብሪያው ከካሜራው ጋር የሚገናኝበት ቀዳዳ ከሌለ የቀረው ጥሩነቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

በካኖን አነስተኛ ካሜራዎች፣ 350ዲን፣ 100ዲንና 200ዲን ጨምሮ፣ ቀዳዳው ተራው 2.5 ሚሊ ሜትር ጃክ ነው። ጫፉ ሻተሩን (ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ የሚዘጋውን መጋረጃ)፣ መካከለኛው ቀለበት ፎከሱን ያዛል፤ ግርጌው የጋራ መመለሻ ነው። ጫፉና ቀለበቱ በአንድ ላይ ከግርጌው ጋር ሲነካኩ ካሜራው ያነሳል፤ ከዚህ የበለጠ ምሥጢር የለውም። ሽቦው በአየር ሜዳ ላይ ቢበጠስ እንኳ ከማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ መደብር በሚገዛ ጃክ ሊቀጠል ይችላል። ኒኮን ዲ40፣ ዲ40ኤክስና ዲ60 ግን የሽቦ ቀዳዳ ጨርሶ የላቸውም፤ የሚታዘዙት በኢንፍራሬድ ብቻ ነው። ካኖን ኤም50ም የሽቦ ቀዳዳ የለውም። ከገበያ ስታገኙት ርካሽና ቀላል ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

የሚበላሸው ክፍል ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሽቦው ከጃኩ የሚወጣበት ቦታ። ከመጡልኝ ማብሪያዎች አሥሩ ቢቆጠሩ ዘጠኙ እዚያ ላይ ነው የተቆረጡት።

ብርሃን_ፎቶ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለመላው ቤተሰብ። ከሠርግና ከምረቃ ፎቶ ውጭ ሌላ ሥራ የለኝም፤ አውሮፕላን ውስጥ የገባሁትም ሁለት ጊዜ ነው፤ ስለ ዝላዩ የምለው የለኝም። ነገር ግን የጠያቂው እናት «ፊትህ የታለ?» ማለታቸው ልቤን ነክቶታል፤ ምክንያቱም ይህ የካሜራው ዋጋ የማይፈታው ችግር ነው።

ካሜራ ብርሃንን ሲለካ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ከሰውየው ጀርባ የሚያበራ ሰማይ ሲኖር ካሜራው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ምስሉን ያጨልማል፤ ሰማዩ ያምራል፣ ፊት ግን ይጠፋል። የጠይም ሰው ፊት ሲሆን ጥፋቱ እጥፍ ይሆናል። እኔ ሙሽሮችን በመስኮት ፊት ሳነሳ የካሜራውን ልኬት በአንድ ስቶፕ፣ ማለትም ብርሃኑን በእጥፍ፣ ከፍ አደርገዋለሁ፤ አንዳንዴም ከዚያ እጨምራለሁ። አንተ ደግሞ ከታች ወደ ላይ፣ ሰማዩን ከጀርባቸው አድርገህ ስታነሳ እንዲሁ አድርግ። ከላይ ወደ ታች ስታነሳ ጀርባቸው መሬት ስለሚሆን ያን ያህል አያስፈልግም። በአየር ላይ ይህን መቀያየር ስለማትችል፣ ከመነሣትህ በፊት በእጅ ወስነህ ብትሄድ ይሻላል፦ በጠራ ፀሐይ አይኤስኦ 200፣ አፐርቸር ኤፍ 8፣ ሻተር 1/800 ለፊት የሚበቃ ብርሃን ይሰጥሃል፤ ሰማዩ ጥቂት ቢነጣ ምንም አይደለም። የሚቻልህ ከሆነ ደግሞ ፀሐይዋን ከጀርባህ አድርግ።

ስለ ፎከስ፣ ራሱ እንዲያነጣጥር አትተወው፤ መሀሉ ላይ ሰማይ ብቻ ካገኘ የሚይዘው አጥቶ ሲዋልል ዝላዩ ያልቃል። በ18 ሚሊ ሜትርና በኤፍ 8 ፎከሱን 2 ሜትር ከጥቂት ላይ ብታደርገው ከ1 ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ፎከሱን አስተካክልና ቀለበቱን በፕላስተር እሰረው።

ሃቦኒም_ዳር

ብርሃን_ፎቶ፣ ስለ ፊት የተናገርከውን ከዓመታት በፊት የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ስንት የሚያሳዝን ፎቶ ባልጣልኩ ነበር። እዚህ ከእኛው ማኅበረሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚዘል ወጣት ሲመጣ ቀድሜ ልኬቱን ከፍ የማደርገው ዛሬም ነው።

በፕላስተሩ ላይ ግን ትንሽ እርማት አለኝ። ኤስቲኤም በሚል ስም የሚታወቁት የካኖን ሌንሶች የፎከስ ቀለበታቸው ከሌንሱ መስታወት ጋር በቀጥታ አልተያያዘም፤ ቀለበቱ ለሞተሩ ትእዛዝ ብቻ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ቀለበቱን ብታስረውም ካሜራው ጠፍቶ ሲበራ ፎከሱ በነበረበት ለመቆየቱ ዋስትና የለህም። የድሮው፣ ኤስቲኤም ያልሆነው 18-55 ቀለበቱ ራሱ መስታወቱን ስለሚያንቀሳቅስ፣ የታሰረው እንደታሰረ ይኖራል። ርካሹ ሌንስ ለእኛ ሥራ ይሻላል የሚባልበት እንዲህ ያለ ጊዜ አለ። የማጉያውንም ቀለበት 18 ላይ እሰረው፤ ንዝረት መከላከያውን አጥፋው።

ለባሕር ዳርቻ ዘላዮች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። በነሐሴ ከታች 32 ዲግሪ ሆኖ ሳለ 4,000 ሜትር ላይ 6 ዲግሪ ነው ማለት ነው። ሌንሱ ቀዝቅዞ ይወርድና ከታች ያለው እርጥብ አየር ሲነካው እንደ ድስት ክዳን ያልበዋል። በጨርቅ አትጥረገው፤ ጨዋማው አቧራ ይፍቀዋል። ፀሐይ ላይ ጥቂት አቆየው፣ በራሱ ይደርቃል።

ከፍታ_ናፋቂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከጋሼ ምክር በኋላ ለባልደረባዬ ካሜራውን እንደማልወስድ ነገርኩት። የቀረኝ የሌንስ ጥያቄ ነው። ያየኋቸው የሚያምሩ የአየር ላይ ፎቶዎች ብዙዎቹ በጣም ሰፊ በሆነ ሌንስ የተነሡ ናቸው፤ ካኖን 10-18 የተባለውን ብገዛስ? 240 ግራም ብቻ ነው።

የደመና_ጎረቤት

10-18 ሸጋ ሌንስ ነው፤ እኔም አለኝ፤ ከበር ላይ ስወጣ የአውሮፕላኑን ሆድ ጭምር ይዞልኛል። ለአንተ ግን አሁን አይሆንህም፤ ምክንያቱን በሜትር ላሳይህ። በ100ዲ ላይ 18 ሚሊ ሜትር ከሦስት ሜትር ርቀት 3.7 ሜትር ያህል ስፋት ይይዛል፤ ክንዳቸውን የዘረጉ ሁለት ሰዎች ተመችቷቸው ይገቡበታል። በ10 ሚሊ ሜትር ከዚያው ቦታ ብታነሳ 6.7 ሜትር ይይዝና ሰዎቹ ትንንሽ ሆነው ይቀሩብሃል። ያን ጊዜ ምን ታደርጋለህ? ትጠጋለህ። ሁለት ሜትር፣ ከዚያ አንድ ሜትር ተኩል። ታንደም በዚያ ርቀት ላይ እግሩን ቢዘረጋ፣ አስተማሪው ፓራሹቱን ቢስብ የምታመልጥበት ቦታ አይኖርህም። ሰፊ ሌንስ በረራው በእጁ የገባ ሰው መሣሪያ ነው። 18 ሚሊ ሜትር ራሱ እንድትርቅ ያስገድድሃል፤ በጀማሪነትህ የሚያስፈልግህም ይኸው ነው። ታንደም ለማንሳት ደግሞ ከ200 ዝላይ በእጅጉ የበለጠ ልምድ ያስፈልግሃል፤ እስከዚያው በደንብ ከምታውቀው አንድ ጓደኛህ ጋር ብቻ ዝለል።

ሌላው ከልምድ የተማርኩት የካሜራው ማጠራቀሚያ ነገር ነው። 100ዲ በሰከንድ 4 ፎቶ ያነሳል፤ በሮው (ካሜራው ባላቀነባበረው ትልቅ ጥሬ ፋይል) ከሆነ ግን ሰባት ያህል ካነሳ በኋላ ወደ ካርዱ እስኪጽፍ ይንቀራፈፋል። ሁለት ሰከንድ እንኳ አይሞላም! ጀማሪ ሁሉ ከበር ጀምሮ ነክሶ ይይዛል፤ ሳቁ ሲመጣ ካሜራው ሥራ ላይ ነው። ጄፔግ (የተጨመቀው ትንሹ ፋይል) አድርገው፤ ሲነከስም ሁለት ሦስት ብቻ አንስቶ መልቀቅን ተለማመድ። ዝላዩ ከበር እስከ ፓራሹት 60 ሰከንድ ያህል ነው፤ ከ60 እስከ 80 ፎቶ ይበቃሃል። በቀን ስምንት ጊዜ የሚዘል ሰው በዚህም ቢሆን በቀን ከ480 እስከ 640 ያነሳል፤ ያገለገለ ካሜራ ስትገዛ ሻተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ የምትጠይቀው ለዚህ ነው።

ከፍታ_ናፋቂ

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ያገለገለ 100ዲ ከድሮው 18-55 ሌንስ ጋር ገዛሁ፤ ከሁለቱ የተረፈውን ገንዘብ በአንድ እጅ የሚፈታ ማሰሪያ ላለው ሄልሜት አዋልኩት። ከነካሜራው በወጥ ቤት ሚዛን ላይ 1,280 ግራም መጣ። ዝላዬ 196 ደርሷል፤ ካሜራው ግን ገና አውሮፕላን ውስጥ አልገባም።

በዚህ መካከል በሰፈራችን መናፈሻ ጓደኞቼ እየሮጡ በፊቴ ሲያልፉ ሳነሳ ሰነበትኩ። በመጀመሪያው ቀን ካነሳኋቸው 60 ፎቶዎች 23ቱ ጭንቅላት የላቸውም ነበር። ችግሩን ያገኘሁት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ማነጣጠሪያዋን ያስተካከልኩት ከመንገድ ማዶ ባለ ዛፍ ነበር፤ ካሜራው ግን ከዓይኔ በአንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ሩቅ ላይ የተገጣጠሙት ሁለቱ ቅርብ ላይ ይለያያሉ። ሦስት ሜትር ለክቼ የበሩን እጀታ በቀለበቶቹ መሀል አደረግኩ፤ ፎቶው ላይ እጀታው መሀል እስኪመጣ ድረስ ማነጣጠሪያዋን አስተካከልኩና ብሎኗን አጠበቅኩ። በማግስቱ ጭንቅላት የጎደለው ፎቶ ሁለት ብቻ ነበር። ካሜራው በአንድ ብሎን ብቻ ሲታሰር ቀስ በቀስ እንደሚዞርም አየሁ፤ በሁለቱ ጎኖቹ ትንንሽ የፕላስቲክ ማገጃዎች አበጀሁለት፤ አሁን አይነቃነቅም።

አንድ ያልወደድኩት ነገር አለ። የማብሪያው ጃክ ቀጥ ያለ ስለሆነ ከካሜራው ግራ ጎን ሁለት ጣት ያህል ወጥቶ ይታያል።

ሽቦ_ቀጣይ

እሱ ከመዝለልህ በፊት መለወጥ አለበት። በ90 ዲግሪ የታጠፈ ጃክ አለ፤ ጭንቅላቱ ከካሜራው ጎን ጋር ተኝቶ ይቀመጣል። ሽቦውን ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ታች አውጣውና ወዲያው ወደ ሄልሜቱ ውስጥ አስገባው፤ ውስጥ ከጉንጭህ ስፖንጅ ሥር አንድ ዙር ትርፍ ተውለት፤ አፍህን ስትከፍት የሚወጠረው ያ ዙር እንጂ ጃኩ እንዳይሆን ነው። የቀዳዳውን የጎማ ክዳን ደግሞ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ወደ ኋላ አጥፈህ በፕላስተር እሸገው። የነገርኩህ የሚቆረጠው ቦታ ላይ በሙቀት የሚጠብቅ ላስቲክ አልብሰው። አድራሻህን በግል መልእክት ከላክልኝ አንድ አዘጋጅቼ እልክልሃለሁ፤ ገንዘብ አልፈልግም።

የደመና_ጎረቤት

ጃኩ እስኪደርስልህ ድረስ የቤት ሥራ ልስጥህ። ሄልሜቱን አጥልቀህ፣ የዝላይ ጓንትህን አድርገህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ የአገጩን ማሰሪያ ፍታው። በቀኝ እጅህ ሃያ ጊዜ፣ በግራ እጅህም ሃያ ጊዜ። ገመድ ካሜራውን ሲይዝ ጭንቅላትህን ወደ አንድ ጎን ጎትቶ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ጓደኛህ ሄልሜቱን ወደ ጎን እየሳበ ሳለም ሞክረው። ስንት ሰከንድ እንደፈጀብህ በሁለቱም እጅ ጻፍና እዚሁ አሳውቀን።